ዕዳው የማን ነው? የማንቸስተር ዩናይትድ ባለቤቶችና የደጋፊዎቹ ረጅም ክርክር

በ2005 መጀመሪያ ላይ ማንቸስተር ዩናይትድ ዕዳ የሌለበት ክለብ ነበር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ስታዲየሙ ኦልድ ትራፎርድ የራሱ ነው። ተጫዋች የሚገዛው ከትኬት፣ ከቴሌቪዥንና ከማልያ ሽያጭ በሚያገኘው ገቢ ነው። ሜይ 12 ቀን ግን ማልኮልም ግሌዘር የተባለ አሜሪካዊ ባለሀብት ከሁለት አየርላንዳውያን ቱጃሮች 28.7 በመቶ ድርሻ ገዝቶ ክለቡን በእጁ አስገባ። ጠቅላላ ግዢው 790 ሚሊዮን ፓውንድ ተገመተ። ከዚህ ውስጥ ከ500 ሚሊዮን በላይ የሆነው ብድር ነበር፤ የብድሩ ሸክም ደግሞ ዞሮ ዞሮ ያረፈው በተገዛው ክለብ ላይ ነው።

እኛ አገር በየዲኤስቲቪ ቤቱ የግሌዘሮች ስም ሲነሳ ክርክሩ ብዙ ጊዜ ስለ ዝውውር ነው። አንዱ የማንቼ ደጋፊ “እነዚህ ሰዎች ገንዘብ አያወጡም” ይላል። ሌላው “ለፖግባ 89 ሚሊዮን፣ ለማጓየር 80 ሚሊዮን የከፈለው ታዲያ ማን ነው?” ብሎ ያፋጥጠዋል። ሁለቱም የሚያነሱት ነገር እውነትነት አለው። ነገር ግን ለፖግባም ለማጓየርም የከፈለው ክለቡ ራሱ፣ ከራሱ ገቢ ነው። የባለቤቱ ታሪክ የሚመዘነው ስንት ተጫዋች ተገዛ በሚለው ሳይሆን ገንዘቡ ከየት መጣ፣ ዕዳውስ በማን ጫንቃ ላይ ወደቀ በሚለው ነው። ይህን ለማየት ከግሌዘሮች መቶ ዓመት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል።

ክለቡን በ1878 ያቋቋሙት የላንክሻየርና የዮርክሻየር የባቡር ኩባንያ ሠራተኞች ናቸው። ስሙ ኒውተን ሂዝ፣ ቀለሙም አረንጓዴና ወርቃማ ነበር። በ1902 መጀመሪያ ላይ 2,670 ፓውንድ ዕዳ ተቆልሎበት እንዲፈርስ ተወሰነበት። በዚህ ጊዜ የደረሰለት ጆን ሄንሪ ዴቪስ የተባለ የቢራ ጠማቂ ነው። የቡድኑ አምበል ሃሪ ስታፎርድ ለገቢ ማሰባሰቢያ ያመጣው ትልቅ ውሻ ጠፍቶ ዴቪስ እጅ በመግባቱ ሁለቱ ሰዎች ተዋወቁ ተብሎ እስከ ዛሬ ይተረካል። ዴቪስና ሌሎች ሦስት የከተማው ነጋዴዎች እያንዳንዳቸው 500 ፓውንድ አዋጡ። በኤፕሪል 1902 ክለቡ ማንቸስተር ዩናይትድ ተባለ፤ ማልያውም ቀይ ሆነ። በ1908 የመጀመሪያውን የሊግ ዋንጫ አነሳ። በ1910 ደግሞ በዴቪስ ገንዘብ የተሠራው ኦልድ ትራፎርድ ተከፈተ።

በ1931 ታሪኩ ተደገመ። ዴቪስ ከሞተ አራት ዓመት ሆኖታል፤ ኢኮኖሚው ወድቋል፤ ክለቡ ለተጫዋቾቹ ደመወዝ የሚከፍለው አጥቷል። የደንብ ልብስ አምራቹ ጄምስ ጊብሰን በገና በዓል ሰሞን 2,000 ፓውንድ ይዞ ቀረበ፤ ቀጥሎም ከኪሱ ብዙ ሺህ ጨመረ። ስታዲየሙ በ1941 በጀርመን ቦምብ ሲወድም ሊቀመንበሩ እሱ ነበር። በ1945 አሰልጣኙ ማት በዝቢ የተቀጠረውም በእሱ የሊቀመንበርነት ዘመን ነው። ዴቪስና ጊብሰን ቅዱሳን ነበሩ ለማለት አይደለም፤ ነጋዴዎች ነበሩ። ሁለቱም ግን ወደ ክለቡ ገንዘብ ይዘው ገቡ እንጂ ክለቡን አስይዘው ተበድረው አልገዙትም።

መንገዱ የታጠፈው በኤድዋርድስ ቤተሰብ ዘመን ይመስለኛል። ሥጋ ነጋዴው ሉዊስ ኤድዋርድስ ወደ ቦርዱ የገባው በፌብሩዋሪ 1958፣ የሙኒኩ የአውሮፕላን አደጋ በደረሰ ሰሞን ነው። ድርሻውን ቀስ በቀስ አሰባስቦ በ1965 ሊቀመንበር ሆነ፤ በ1980 ሲሞት ልጁ ማርቲን ተረከበ። ማርቲን ኤድዋርድስ አሰልጣኙን ፈርጉሰንን የቀጠረና በክፉው ቀን የታገሠ ሊቀመንበር ነው፤ ይህን ውለታ መካድ አይገባም። ያው ሰው ግን ክለቡን ለመሸጥ ደጋግሞ ተደራድሯል። በ1984 ሮበርት ማክስዌል 10 ሚሊዮን ፓውንድ ይዞ መጥቶ ሳይሳካለት ቀረ። በኦገስት 1989 ማይክል ናይተን የተባለ ነጋዴ በ20 ሚሊዮን ስምምነት ላይ ደርሶ፣ ከአርሰናል ጋር የተደረገው ጨዋታ ከመጀመሩ በፊት ማልያ ለብሶ ሜዳ ገባና በሕዝቡ ፊት ኳስ አንጠባጠበ። ደጋፊው አጨበጨበለት። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ደጋፊ ባለሀብቶቹ ከዱት፤ ሽያጩም ፈረሰ። በ1991 ክለቡ ለንደን የአክሲዮን ገበያ ላይ ቀረበ። ከዚያ ዕለት ጀምሮ በቂ ገንዘብ ያለው ማንም ሰው ሊገዛው ይችል ነበር።

ደጋፊው ይህን አደጋ በደንብ የተረዳው በሴፕቴምበር 1998 ነው። የሩፐርት መርዶክ የቴሌቪዥን ኩባንያ ቢስካይቢ 623 ሚሊዮን ፓውንድ አቀረበ፤ ቦርዱም ተቀበለ። የክለቡ ነጻ ደጋፊዎች ማኅበርና ለዚሁ ትግል የተቋቋመው የደጋፊ ባለአክሲዮኖች ኅብረት ወዲያው ተነሡ። መፈክር ብቻ አላሰሙም። ጠበቆች፣ የኢኮኖሚ ምሁራንና ጋዜጠኞች የሆኑ ደጋፊዎች ተሰባስበው ለሞኖፖሊና ውሕደት ኮሚሽን በጽሑፍ ተከራከሩ፤ የፓርላማ አባላትን በየቢሯቸው አነጋገሩ። የክርክራቸው ፍሬ ነገር ቀላል ነበር፦ የጨዋታ ማሰራጫ መብት የሚገዛ ኩባንያ የትልቁ ክለብ ባለቤት ከሆነ በድርድሩ ጠረጴዛ በሁለቱም በኩል ይቀመጣል። ኮሚሽኑ ተቀበላቸው። በኤፕሪል 1999 የንግድ ሚኒስትሩ ስቲቨን ባየርስ ሽያጩን ከለከሉ። በሚቀጥለው ወር ቡድኑ ሦስቱን ዋንጫ ጠቀለለ። ዓለም የሚያስታውሰው የባርሴሎናውን የፍጻሜ ምሽት፣ የሼሪንግሃምንና የሱልሻየርን ግቦች ነው። ለእኔ ግን በዚያ ዓመት ከተገኙት ድሎች መካከል ይህ በወረቀትና በብዕር የተገኘው ከማንኛውም አያንስም።

ሆኖም ድሉ አንድ ቀዳዳ ሳይደፍን ቀረ። መርዶክ የተከለከለው በውድድር ሕግ ነው። የቴሌቪዥን ጣቢያ የሌለው ገዢ ቢመጣ፣ ክለቡን በብድር ልግዛው ቢል፣ የሚከለክለው ሕግ አልነበረም። ኅብረቱ ይህን ስላወቀ ተራው ደጋፊ ጥቂት ጥቂት አክሲዮን እየገዛ ድርሻ እንዲያጠራቅም ቀሰቀሰ። ሥራው ጥሩ ነበር፤ ጊዜው ግን አልበቃም። ትልቁ ድርሻ በሁለቱ አየርላንዳውያን፣ በፈረስ አርቢው ጆን ማግኒየርና በሸሪኩ ጄፒ ማክማነስ እጅ ተከማችቶ ነበር። ማግኒየርና ፈርጉሰን ደግሞ “ሮክ ኦፍ ጂብራልታር” በተባለ የውድድር ፈረስ ጥቅም ተካሰው እስከ 2004 ተጣልተው ቆዩ። ግሌዘር በአንድ አክሲዮን 3 ፓውንድ ሲያቀርብላቸው ሁለቱን ሰዎች ከክለቡ ጋር የሚያስተሳስር ነገር አልነበረም።

አንድ ሰው ቤትህን ሊገዛ መጥቶ፣ ቤቱን ራሱን መያዣ አድርጎ ከባንክ ቢበደር፣ ወለዱንም ቤቱ ውስጥ የምትኖሩት በየወሩ እንድትከፍሉ ቢያደርግ፣ የ2005ቱ ግዢ እንደዚያ ነበር። ከብድሩ አንዱ ክፍል፣ ከአሜሪካ ሄጅ ፈንዶች የተወሰደው፣ ወለዱ በየጊዜው ሳይከፈል በዋናው ላይ እየተደመረ የሚሄድ ሲሆን፣ ኋላ ላይ እስከ 16.25 በመቶ ደርሷል። ደጋፊዎች በሜይ 21 ካርዲፍ ላይ ከአርሰናል ጋር በተደረገው የኤፍኤ ዋንጫ ፍጻሜ ጥቁር ለብሰው ሐዘናቸውን ገለጹ። በጁን መጨረሻ የግሌዘር ልጆች ኦልድ ትራፎርድን ሊጎበኙ ሲመጡ ሕዝቡ በሮቹን ዘጋባቸው፤ የወጡት በፖሊስ መኪና ነው።

ከዚያ በኋላ ደጋፊው ለሁለት ተከፈለ። ለረጅም ዓመታት ጎን ለጎን ወንበር የነበራቸው ሰዎች ተለያዩ። የተወሰኑት የዓመት ትኬታቸውን ጥለው በዚያው ክረምት ኤፍሲ ዩናይትድ ኦፍ ማንቸስተር የተባለ አዲስ ክለብ መሠረቱ። እያንዳንዱ አባል ሀብታምም ሆነ ድሃ አንድ ድምፅ ብቻ አለው። ከእንግሊዝ እግር ኳስ አሥረኛው እርከን ጀምረው በሦስት ተከታታይ ዓመታት ሦስት ጊዜ አደጉ፤ በ2015 የራሳቸውን ስታዲየም ከፈቱ። የቀሩት ደግሞ “ክለቡ የአባቶቻችን ነው፤ ለግሌዘር ትተንለት የምንሄደው ለምንድን ነው?” አሉ። የሁለቱንም ወገን ምክንያት አከብራለሁ። የሄዱት ገንዘባቸውን ነፈጉ፤ የቀሩት ተቃውሞውን ውስጥ ሆነው አቆዩት።

የግሌዘሮች ተከላካዮች የሚያቀርቡት መዝገብ ቀላል አይደለም። በእነሱ ዘመን እስከ 2013 ድረስ አምስት የሊግ ዋንጫ መጥቷል፤ በ2008 ሞስኮ ላይ ሻምፒዮንስ ሊግ ተነሥቷል። የንግድ ገቢውን በዓለም ዙሪያ አሳድገዋል፤ ከአዲዳስ ጋር በ2014 የተፈረመው የአሥር ዓመት ውል ብቻ 750 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር። ፈርጉሰን ራሱ በአደባባይ ደግፏቸዋል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ግን እነዚያን ዋንጫዎች ያመጣው አሰልጣኝ የተቀጠረው ከእነሱ መምጣት 19 ዓመት አስቀድሞ ነው። እሱ ከሄደ ወዲህ ሊጉን አንድም ጊዜ አላሸነፉም። የገንዘብ ተንታኞች በወለድ፣ በክፍያና በትርፍ ክፍፍል ከክለቡ የወጣውን ገንዘብ ከአንድ ቢሊዮን ፓውንድ በላይ አድርሰውታል። በዚያው ጊዜ የኦልድ ትራፎርድ ጣሪያ አፍስሶ፣ በሜይ 2024 ከአርሰናል ጋር በተደረገው ጨዋታ ዝናቡ ደጋፊው ላይ ሲወርድ ዓለም በቴሌቪዥን አይቷል።

በ2010 ዕዳው 700 ሚሊዮን ፓውንድ ማለፉ ሲታወቅ ስታዲየሙ በአረንጓዴና ወርቃማ ስካርፍ ተሞላ። ደጋፊው የባቡር ሠራተኞቹን ቀለም መልሶ ያነሣው “ክለቡ ከእናንተ በፊት ነበረ” ለማለት ነው። በማርች ወር የክለቡ የቀድሞ ተጫዋች ዴቪድ ቤካም ከኤሲ ሚላን ጋር መጥቶ ተሸንፎ ሲወጣ ከደጋፊው የተወረወረውን ስካርፍ አንገቱ ላይ አደረገ። በኢኮኖሚስቱ ጂም ኦኒል ዙሪያ የተሰባሰቡ ሀብታም ደጋፊዎች ክለቡን ለመግዛት ቢያስቡም ባለቤቶቹ አንሸጥም አሉ። በ2012 ግሌዘሮች ከፊሉን ድርሻ በኒውዮርክ ገበያ በ14 ዶላር ሸጡ። ሕዝቡ የሚገዛው አክሲዮን አንድ ድምፅ ሲኖረው የቤተሰቡ ግን አሥር ድምፅ አለው። በ2021 ጥቂት ትላልቅ ክለቦች ሊመሠርቱት ወዳሰቡት የአውሮፓ ሱፐር ሊግ ለመግባት ሲሞክሩ ደጋፊው ሜይ 2 ቀን ሜዳውን ወረረ፤ ከሊቨርፑል ጋር የነበረው ጨዋታም ተላለፈ።

በኖቬምበር 2022 የሽያጭ ዜና ሲሰማ ክርክሩ መልኩን ለወጠ። የኳታሩ ሼክ ጃሲም ቢን ሐማድ አል ታኒ ክለቡን መቶ በመቶ ገዝተው ዕዳውን በሙሉ እንደሚሰርዙ ቃል ገቡ። ሌላው ተፎካካሪ ገዢ፣ የኬሚካል ኩባንያው የኢኔኦስ ባለቤት ሰር ጂም ራትክሊፍ ደግሞ ክለቡ ከተወለደበት ሠፈር አጠገብ፣ ፌይልስዎርዝ የተወለዱ ናቸው። በወለድ የተንገፈገፈው ደጋፊ ወደ ኳታር አዘነበለ፤ ስሜቱ ይገባኛል። ሌሎች ግን ስለ ሰብአዊ መብት ጠየቁ። እኛ በዶሃ ቤት ውስጥና በግንባታ ላይ የሚሠሩ እኅትና ወንድሞች ያሉን ሰዎች ያንን ጥያቄ የሩቅ ጥያቄ ልናደርገው አንችልም። ከዕዳ ነጻ መውጣት ትልቅ ነገር ነው፤ ነጻ የሚያወጣው ሰው ማን እንደሆነ መጠየቅም እኩል ተገቢ ነው።

በመጨረሻ የግሌዘሮች ፍላጎት ወሰነ። ሼክ ጃሲም በኦክቶበር 2023 ወጡ። ራትክሊፍ በአንድ አክሲዮን 33 ዶላር ከፍለው 25 በመቶ ድርሻ ያዙ፤ ስታዲየሙን ለማሻሻል ለሚውል ሥራም 300 ሚሊዮን ዶላር ለመጨመር ተስማሙ። የእግር ኳሱን ሥራ ተረከቡ፤ ከ250 ያላነሱ ሠራተኞችን አሰናበቱ፤ የቀሩ ትኬቶችን ለሕፃናትና ለጡረተኞች ሳይቀር በ66 ፓውንድ አስሸጡ። ቡድኑ በ2025 ሊጉን 15ኛ ሆኖ ጨረሰ። ሠራተኛ በማባረር የሚቆጠበውን ገንዘብ በየዓመቱ ከሚከፈለው ወለድ ጎን ማስቀመጥ የማንኛውም ደጋፊ መብት ነው። እኔም ሳስቀምጠው የማየው ዋናው በሽታ አለመነካቱን ነው።

ግሌዘሮች በ2005 ያደረጉት ሁሉ ሕግ የፈቀደው ነበር። ስለዚህ ጥፋቱን ለአንድ ቤተሰብ ብቻ መስጠት አይበቃም፤ ሊጉም መንግሥቱም በሩን ክፍት ትተውታል። የጀርመን እግር ኳስ ከጥቂት ክለቦች በቀር አብላጫው ድምፅ በአባላት እጅ እንዲቆይ የሚያስገድድ ደንብ አለው። እንግሊዝ የክለብ ገዢዎችን የገንዘብ ምንጭ የሚመረምር ነጻ ተቆጣጣሪ በሕግ ያቋቋመችው በጁላይ 2025፣ ከግሌዘር ግዢ 20 ዓመት በኋላ ነው። አብላጫው ድምፅ አሁንም በግሌዘር ቤተሰብ እጅ ነው።