ጣበጄን ስናወራ የምንዘለው ነገር

ደብረ ታቦር ያደገ ልጅ የአፄ ቴዎድሮስን ታሪክ ትምህርት ቤት ሳይገባ ነው የሚሰማው። ከሚሰማቸው አንዱ የአዝማሪው የጣበጄ ወሬ ነው። የሚወራውም ለሳቅ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደብረ ታቦር የተቀመጡት ራስ አሊ፣ የሸፈተባቸውን ካሣን (የኋላውን ቴዎድሮስን) እንዲወጉላቸው ደጃዝማች ጎሹ ዘውዴን ላኩ። ጣበጄ የጎሹ አዝማሪ ነበር፤ ከጦርነቱ በፊት ካሣን በግጥም ሸነቆጣቸው። ኅዳር 1845 ዓ.ም. ጉር አምባ ላይ ጎሹ ሞቱ፣ አዝማሪው ተማረከ። ካሣ አስቀርበው ምን ብሎ እንደሰደባቸው ጠየቁት። እሱም ራሱን የሚወቅስ፣ ቅጣቱንም ራሱ የሚቆርጥ ግጥም መለሰላቸው።

እዚህ ላይ ይሳቃል። «አይ አዝማሪ!» ይባላል። ቀጥሎ ያለው ግን ቶሎ ይታለፋል፦ በዱላ ተደብድቦ ሞተ።

እስቲ ቆም እንበል። ጦርነቱ አልቋል። ጌታው ሞተዋል። ሰውየው እጃቸው ውስጥ ነው። «ዘመኑ ነዋ!» የሚል አይጠፋም። ለእኔ ግን አይዋጥልኝም፤ አዝማሪ የፈለገውን ቢናገር ይታለፍለት የሚለው ልማድም እኮ የዚያው ዘመን ነው። ደግሞ ታሪክ ጸሐፊዎቹ አሟሟቱን አልደበቁትም። ስናወራው የዘለልነው እኛው ነን።

በእጅ ያለ ሰው ሲሞት ያዡ እንዲጠየቅ መፈለግ የትም አለ። ጥቅምት 1986 ዓ.ም. አውስትራሊያ፣ ብሪስቤን ውስጥ ዳንኤል ዮክ የሚባል የ18 ዓመት አቦርጂን ዳንሰኛ ፖሊስ እንደያዘው ሞተ። በእስር የሞቱ 99 አቦርጂኖችን ጉዳይ ያጣራው ኮሚሽን ሥራውን ከጨረሰ ገና 2 ዓመቱ ነበር። ወገኖቹ በማግስቱ የፖሊስ መምሪያው ደጅ ላይ ተሰለፉ። ምርመራ ተደረገ፤ ፖሊሶቹ ጥፋተኛ አልተባሉም። ቢሆንም ተጠይቀዋል።

ወደ አገራችን አዝማሪዎች ስንመለስ፣ ከጣበጄ በኋላም አላበቃም። ከየካቲት 12 ጭፍጨፋ በኋላ፣ መጋቢት 1929 ዓ.ም.፣ ግራዚያኒ ወሬ እየነዙ ሕዝቡን ያነሳሳሉ ያላቸውን አዝማሪዎችና ጠንቋዮች ከአዲስ አበባና ከአካባቢዋ አስለቅሞ እንዲረሸኑ አዘዘ። ለሮም በላከው ቴሌግራም እስከዚያ ቀን 70 መገደላቸውን ገለጸ። ይህን ስንሰማ ማናችንም አንስቅም።