የሁለት ፋየርዎሎች ውል፤ የቪፒኤን መሿለኪያ ብልሽት ከታሪኩ ሲመረመር

በሁለት ከተሞች መሥሪያ ቤት ያለው ድርጅት ቅርንጫፉን ከዋናው ቤት ጋር ከሚያገናኝባቸው መንገዶች አንዱ ቪፒኤን ነው። ቪፒኤን የሚባለውም የሁሉ መንገድ በሆነው በኢንተርኔት ላይ፣ ምስጢሩ ለሌላ እንዳይገለጥ ተደርጎ የሚዘረጋ የግል መተላለፊያ ነው። በሁለቱ ጫፎች ገቢና ወጪውን የሚቈጣጠሩ ፋየርዎል የተባሉ መሣሪያዎች ይቆማሉ፤ በመካከላቸው ያለው መንገድ መሿለኪያ ይባላል። መሿለኪያው በተቋረጠ ጊዜ የቅርንጫፉ ገንዘብ ከፋይ የደንበኛውን ሂሳብ ማየት አይችልም፤ ሐኪሙም የበሽተኛውን መዝገብ ከዋናው ሆስፒታል ማግኘት አይሆንለትም። ለጥገና የተጠራው ሰው ግን ብዙ ጊዜ የሚያየው «አልተገናኘም» የሚለውን ቃል ብቻ ነው።

የዚህች አጭር ጥናት ዓላማ እነዚህ ብልሽቶች እንዲያው በዘፈቀደ የሚደርሱ እንዳልሆኑና፣ አብዛኞቹ በታወቀ ዓመት ከተደረገ ውሳኔ የመነጩ መሆናቸውን ማስረዳት ነው። ታሪኩን ያወቀ ሰው ብልሽቱን በየት በኩል እንደሚፈልገው ያውቃል ብለን እናምናለን። ዓመቶቹ ሁሉ የተጻፉት እንደ ኤውሮጳውያን አቈጣጠር ነው።

1ኛ/ የነገሩ አመጣጥ

ኢንተርኔት በመጀመሪያ የተሠራው ብዙውን ጊዜ በሚተማመኑ ተመራማሪዎች መካከል ስለ ነበረ፣ መልእክትን የመሰወርና የላኪውን ማንነት የማረጋገጥ ሥርዓት በመሠረቱ ውስጥ አልገባም። በኖቬምበር 1988 ሞሪስ ዎርም የተባለው ራሱን የሚያባዛ ፕሮግራም በሺሕ የሚቈጠሩ ኮምፒዩተሮችን ባወከ ጊዜ ይህ መተማመን ተናጋ። በ1989 ጄፍሪ ሞገል የተባለው የዲጂታል ኩባንያ ተመራማሪ፣ ፓኬቶችን እየመረመረ የሚያሳልፍና የሚከለክል ሥርዓት አሳተመ። በእንዲህ ያሉ ሥራዎች የበር ጥበቃው እየተደራጀ ሄደ።

በሩ ቢጠበቅም መንገዱ ገና አልተጠበቀም ነበር። አይ ኢ ቲ ኤፍ የተባለው የኢንተርኔት መሐንዲሶች ጉባኤ በኦገስት 1995 አይፒሴክ የተሰኘውን ደንብ አወጣ፤ በኖቬምበር 1998 ደግሞ አሻሽሎ፣ አይ ኬ ኢ ከተባለው የቁልፍ መስማሚያ ደንብ ጋር አቀረበው። አሠራሩን በምሳሌ ብንገልጠው፣ ደብዳቤን ከነፖስታው በሌላ የታሸገ ፖስታ ውስጥ ከቶ እንደ መላክ ነው። በውጭው ፖስታ ላይ የሚታየው የሁለቱ ፋየርዎሎች አድራሻ ብቻ ነው።

ከዚህ አስቀድሞ ሁለቱ ፋየርዎሎች ውል መዋዋል አለባቸው። በመጀመሪያው ደረጃ በምን ዓይነት የምስጢር አጻጻፍ እንደሚነጋገሩ ይስማማሉ፤ ማንነታቸውንም ይተዋወቃሉ። በሁለተኛው ደረጃ የየትኛው መረብ ፓኬት ወደ የትኛው መረብ በመሿለኪያው እንደሚያልፍ ይወስናሉ። እንግዲህ የመጀመሪያው ጥያቄ ውሉ የፈረሰው በየትኛው ደረጃ ነው የሚለው ነው።

2ኛ/ ዝምታው ከየት መጣ

በ1998ቱ ደንብ ዋና አካሄድ ስድስት መልእክቶች ይመላለሳሉ፤ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ በምስጢር ይጻፋሉ። ማንነት በጋራ የይለፍ ቃል የሚረጋገጥ ሲሆን፣ ያ ቃል በምስጢሩ ቁልፍ አሠራር ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ቃሉ በአንድ ፊደል እንኳ ቢለያይ፣ ተቀባዩ መልእክቱን ሲፈታ ትርጉም የሌለው ነገር ያገኛል። በመዝገቡም ላይ «ቃሉ ተሳስቷል» በማለት ፈንታ «መልእክቱ የተበላሸ ነው» ብሎ ሊጽፍ ይችላል፤ ጠጋኙም ይህን አይቶ ኬብል ሲመረምር ይውላል።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላል ተረታችን። በዚህ ላይ ግን መደበቁ ራሱ አንድ ጥበቃ ነው፤ ማንነቱ ላልተረጋገጠ ጠያቂ የእምቢታውን ምክንያት ዘርዝሮ መንገር ለጠላት መንገድ ማሳየት ይሆናል። ስለዚህ ጠያቂው ፋየርዎል የሚያውቀው እጅግ ጥቂት ነው፤ ምን እንደ ተጠየቀና ለምን እንዳልተቀበለ የሚያውቀው ተጠያቂው ነው። መሿለኪያው እምቢ ባለ ጊዜ መነበብ የሚገባው በተለይ የተጠያቂው መዝገብ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ኒልስ ፈርጉሰንና ብሩስ ሽናየር በ1990ዎቹ መጨረሻ አይፒሴክን መርምረው፣ ዋናው ጉድለቱ ውስብስብነቱ ነው ሲሉ ነቅፈውታል፤ ሆኖም በዘመኑ ከነበሩት ይሻላል ከማለት አልተቈጠቡም።

3ኛ/ የአድራሻ ለውጥ ያመጣው ችግር

የኢንተርኔት አድራሻ እያነሰ በመሄዱ፣ በሜይ 1994 ናት የተባለው አድራሻን በመንገድ ላይ የመለወጥ ዘዴ በጽሑፍ ወጣ። በፌብሩዋሪ 1996 ደግሞ ማንም በግቢው ውስጥ ሊጠቀምባቸው የሚችላቸው የግል አድራሻዎች ተለዩ፤ በ10 እና በ192.168 የሚጀምሩት ከእነዚህ ናቸው። ከዚህ ሁለት መዘዝ ተከተለ። አንደኛው፣ ሁለት መሥሪያ ቤቶች ሳይመካከሩ አንድ ዓይነት አድራሻ መያዛቸው ነው፤ መሿለኪያው ቢከፈትም እንኳ ኮምፒዩተሩ ተፈላጊውን በራሱ ግቢ ውስጥ ስለሚፈልገው ፓኬቱ ወደ መሿለኪያው አይደርስም።

ሁለተኛው፣ የአይፒሴክ የታሸገ ፓኬት የፖርት ቍጥር ስለሌለው፣ ብዙ ኮምፒዩተሮችን በአንድ አድራሻ የሚያወጣው ናት የማን እንደ ሆነ መለየት ይቸግረዋል። መፍትሔው በጃኑዋሪ 2005 በደንብ ጸደቀ፤ ይኸውም የታሸገውን ፓኬት በዩዲፒ ፖርት 4500 ጠቅልሎ መላክ ነው። ስለዚህ ናት ባለበት መንገድ የመጀመሪያዎቹ መልእክቶች በፖርት 500 አልፈው ከዚያ በኋላ ነገሩ ጸጥ ቢል፣ በመካከል 4500ን የዘጋ እንዳለ መጠርጠር ይገባል።

4ኛ/ ተከፍቶ የሚዘጋው መሿለኪያ

ከሁሉ የሚያደክመው ለጊዜው ሠርቶ የሚቋረጠው ነው። ቁልፎቹ ዕድሜ ተወስኖላቸው በየጊዜው ይታደሳሉ። አንዱ ፋየርዎል ተነሥቶ እንደ ገና ቢጀምር፣ ሌላው የሞተውን ውል ይዞ ፓኬት ሲልክ ይኖር ነበር፤ በፌብሩዋሪ 2004 የወጣው ደንብ የባልንጀራን በሕይወት መኖር እየጠየቁ የሚያረጋግጡበትን ዘዴ ሰጠ። በዲሴምበር 2005 የወጣው ሁለተኛው አይ ኬ ኢ የመክፈቻ መልእክቶቹን ወደ አራት ቀነሰ። ነገር ግን በዚህ ደንብ የመጀመሪያው መሿለኪያ የሚከፈተው በመጀመሪያው ደረጃ በተገኘው ቁልፍ ነው፤ አዲስ የቁልፍ ልውውጥ የሚጠየቀው በእድሳት ጊዜ ነው። ሁለቱ ጫፎች በዚያ ልውውጥ ዓይነት ካልተስማሙ፣ ጧት ደኅና የተከፈተው መሿለኪያ የእድሳቱ ሰዓት ሲደርስ ይዘጋል።

ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ሌላ ብልሽት አለ። የኢተርኔት ፓኬት ልኩ 1500 ባይት ነው፤ የውጭው ፖስታ ሲጨመር ከልኩ ያልፋል። በኖቬምበር 1990 የወጣው ደንብ፣ መንገዱ የማይችለው ፓኬት ሲመጣ ለላኪው ማስጠንቀቂያ እንዲመለስ ያዛል። ፋየርዎል ጠባቂዎች ግን ይህን የማስጠንቀቂያ ዓይነት ለጥንቃቄ ሲሉ የሚዘጉበት ጊዜ አለ። ያን ጊዜ ትንሹ መልእክት ያልፋል፤ ትልቁ ፋይል ቆሞ ይቀራል። መድኃኒቱ ማስጠንቀቂያውን ማሳለፍ፣ ወይም የቲሲፒን የጭነት ልክ ማሳነስ ነው።

5ኛ/ የዕድሜ ልዩነት

የ1998ቱ አይ ኬ ኢ ማንኛውም መሣሪያ ዴስ የተባለውን የምስጢር አጻጻፍ እንዲችል ያስገድድ ነበር። ደንቡ ከመውጣቱ ጥቂት ወራት በፊት፣ በጁላይ 1998፣ ለዚሁ የተሠራ መኪና ዴስን በ56 ሰዓት ፈትቶታል። በ2015 ሎግጃም በሚል ስም የወጣው ጥናት ባለ 1024 ቢቱ የቁልፍ ልውውጥም እንደማያስተማምን አመለከተ፤ በኤፕሪል 2023 የመጀመሪያው አይ ኬ ኢ ራሱ ከአገልግሎት እንዲወጣ ተወሰነ። እንግዲህ አንዱ ወገን ፕሮግራሙን ሲያድስ አሮጌው አጻጻፍ ሊሰረዝ ስለሚችል፣ ብዙ ዓመት የጸና ውል በሌላው ጫፍ ማንም እጁን ሳያነሣ ሊፈርስ ይችላል። እንዲህ በሆነ ጊዜ ደካማውን አጻጻፍ መልሶ መፍቀድ ለጊዜው ይቀላል፤ ነገር ግን የበሽተኛውን መዝገብና የደንበኛውን ገንዘብ ለአደጋ መስጠት ነው።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ እንደ ተመለከትነው የምርመራው ሥርዓት ከውሉ ሥርዓት ጋር አንድ ነው። በመጀመሪያ ጫፎቹ መተያየታቸው፤ ቀጥሎ በአጻጻፍና በይለፍ ቃል መስማማታቸው፤ ከዚያም የመረቦቹ አድራሻ በሁለቱ መዝገብ ላይ ተገላብጦ አንድ መሆኑ፤ በመጨረሻም የእድሳቱ ዘመንና የፓኬቱ ልክ ይመረመራል። ነገር ግን ይህ ሁሉ በአንድ ጫፍ ብቻ ተቀምጦ አይፈጸምም። መሣሪያዎቹ ለደኅንነት ሲባል ጥቂት እንዲናገሩ ስለ ተደረጉ፣ የጐደለውን ንግግር መሙላት የሰዎቹ ፈንታ ነው። የሁለቱ ጫፍ ጠባቂዎች ውላቸውን በጽሑፍ አስፍረው ቢይዙና ብልሽት በደረሰ ጊዜ መዝገቦቻቸውን ጐን ለጐን ቢያነቡ፣ «ጥፋቱ የእናንተ ነው» በመባባል የሚጠፋው ሰዓት እጅግ ይቀንሳል ብለን እናስባለን።