ምልክት ያላሳየ የልብ ሕመምና የሰሜን ዩጋንዳው ጥናት

የሩማቲክ የልብ ሕመም መነሻው ጉሮሮ ነው። ስትሬፕቶኮከስ የተባለው ባክቴሪያ የሕፃኑን ጉሮሮ ያቆስላል፤ ትኩሳትም ያስከትላል። ብዙ ጊዜ ያለ ሕክምና በቀናት ውስጥ ስለሚሻለው ወላጅ ይረሳዋል። ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት በኋላ ግን ባክቴሪያውን ለመዋጋት የተነሣው የሰውነት መከላከያ በአንዳንድ ሕፃናት ላይ መገጣጠሚያንና ልብን ያጠቃል። ጉልበት ያብጣል፤ ሕመሙ ወደ ቁርጭምጭሚትና ወደ ክርን ይዘዋወራል። የመገጣጠሚያው እብጠት ይጠፋል። በልብ ቫልቭ ላይ የሚቀረው ጠባሳ ግን፣ ሕመሙ በተመላለሰ ቁጥር፣ ቫልቩን እያወፈረና እያኮማተረ ይሄዳል።

አስቸጋሪው ነገር ልጁ በዚህ ጊዜ ሁሉ ከብት ሲጠብቅም ሆነ ትምህርት ቤት ሲመላለስ ጤነኛ መምሰሉ ነው። የትንፋሽ ማጠርና የእግር እብጠት የሚታዩት ዘግይተው ነው፤ በሴቶች ደግሞ ብዙ ጊዜ በእርግዝና ወቅት። በዚያ ደረጃ ቫልቩን ለመጠገን ወይም ለመተካት የልብ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል። ይህ አገልግሎት በኢትዮጵያ በጥቂት ማዕከላት ብቻ የሚሰጥ ነው።

ኢኮ የሚባለው የልብ አልትራሳውንድ የቫልቩን ጉዳት ምልክት ከመታየቱ በፊት ያሳያል። ሩማቲክ ፊቨር ለታመሙ ሰዎች በየጊዜው የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ መስጠት ለአሥርት ዓመታት የቆየ ሕክምና ነው። በኢኮ ብቻ ለተገኙት፣ ምንም ለማይሰማቸው ልጆች መጥቀሙ ግን አልተረጋገጠም ነበር።

ይህን ለመመርመር በሰሜን ዩጋንዳ፣ በጉሉ አካባቢ፣ 102 ሺህ 200 ሕፃናትና ታዳጊዎች የኢኮ ምርመራ ተደረገላቸው። ከእነዚህ ውስጥ የተደበቀ ሕመም የተገኘባቸው፣ ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 17 የሆነ 818 ልጆች በዕጣ በሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ በየአራት ሳምንቱ ለሁለት ዓመት መርፌውን ሲወስዱ፣ ቀሪዎቹ በክትትል ብቻ ቆዩ። እ.ኤ.አ. በ2021 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን በወጣው ውጤት መሠረት፣ መርፌ ከወሰዱት ሕመሙ የተባባሰባቸው 3 ልጆች (0.8 በመቶ) ሲሆኑ፣ ካልወሰዱት ደግሞ 33 (8.2 በመቶ) ናቸው።

ቁጥሩ በሌላ በኩልም መነበብ አለበት፤ መርፌ ካልወሰዱት መካከል እንኳ የአብዛኞቹ ሕመም በሁለቱ ዓመታት አልተባባሰም። በመርፌው ምክንያት ከባድ ጉዳት የደረሰባቸው ሁለት ልጆች ሲሆኑ፣ አንዱ ቀላል የሆነ የአለርጂ ድንጋጤ ነበር። ስለዚህም መርፌው መሰጠት ያለበት አለርጂን መቆጣጠር በሚቻልበት ጤና ተቋም ነው።

መድኃኒቱ ርካሽ ነው፤ ውድ የሚሆነው ቀኑ ነው። በሁለት ዓመት ወደ 26 ጊዜ፣ አጨዳም ቢሆን የክረምት ጭቃም ቢሆን፣ የማይታመም የሚመስለውን ልጅ ለሚያም መርፌ ጤና ጣቢያ ማድረስ ለገበሬ ቤተሰብ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

ከዚያ በፊት ያለው እርምጃ አጭር ነው። ትኩሳት ያለው የጉሮሮ ሕመም በጊዜው ታይቶ፣ ባክቴሪያው ካለበት በፔኒሲሊን ሲታከም ሩማቲክ ፊቨርን መከላከል ይቻላል። እንጥል ማስቆረጥ ባክቴሪያውን አይገድልም፤ ለደም መፍሰስና ለሌላ ቁስለት ግን ያጋልጣል።