የፊደል ቁልፍና የአንጥረኛው ስም፦ ከአሚድና ከኢስፋሃን እስከ ዋግ ኽምራ

በእስልምና ታሪክ ቁልፍ ከአማና ተለይቶ አይነሣም። በ8ኛው ዓመተ ሒጅራ መካ በተከፈተች ጊዜ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) የካዕባን ቁልፍ ከዑስማን ኢብኑ ጠልሓ (ረ.ዐ) ተቀብለው ወደ ውስጥ ከገቡ በኋላ፣ የቅርብ ዘመዶቻቸው ቁልፉን በእጃቸው ለማድረግ እየተመኙ ሳለ፣ መልሰው ለዑስማን ሰጡት። በሱረቱ አን-ኒሳእ 58ኛ አንቀጽ የሚገኘው አማናን ለባለቤቱ የመመለስ ትእዛዝ በዚህ ምክንያት እንደ ወረደ ብዙ ሙፈሲሮች ያወሳሉ። ቁልፉ እስከ ዛሬ በበኑ ሸይባ ቤተሰብ ዘንድ ይጠበቃል። ኸሊፋዎችና ሱልጣኖች ለካዕባ ያሠሯቸው ቁልፎችና ጓጉንቸሮችም በኢስታንቡሉ የቶፕካፒ ቤተ መንግሥት ሙዚየም ተሰብስበው ይገኛሉ።

ይሁን እንጂ በእጅ የሚያዝ ቁልፍ ይጠፋል፤ ይሰረቃል፤ ቅጂም ይወጣለታል። ስለዚህ የጥንት ባለእጆች ከአእምሮ በቀር ሌላ መክፈቻ የሌለው ቁልፍ ለመሥራት ተጉ። በዚህ ረገድ ስሙ ጎልቶ የሚጠራው በአሚድ ከተማ፣ ማለትም በዛሬዋ ዲያርበክር፣ የአርቱቅ ሥርወ መንግሥት መሪዎችን ያገለገለው ኢስማዒል ኢብኑ አር-ረዛዝ አል-ጀዘሪ ነው። አል-ጀዘሪ በንጉሡ በናሲሩዲን ማሕሙድ ጥያቄ ጽፎ በ602 ዓመተ ሒጅራ (እ.ኤ.አ. በ1206 መጀመሪያ) የፈጸመው መጽሐፍ፣ በ6 ክፍሎች የተደራጁ 50 የጥበብ ሥራዎችን ያብራራል። የውሃ ሰዓቶች፣ ለውዱእ ውሃ የሚያቀርቡ ዕቃዎች፣ ውሃን ከጥልቅ የሚስቡ መሣሪያዎች ከእነዚህ መካከል ናቸው። በመጨረሻው ክፍል ደግሞ በፊደላት የሚዘጋና የሚከፈት የሣጥን ቁልፍ ይገኛል።

የአሠራሩ መሠረት ለመረዳት የሚያስቸግር አይደለም። በሣጥኑ ክዳን ላይ ፊደላት የተቀረጹባቸው የሚሽከረከሩ ክቦች አሉ። ከክዳኑ በታች መቀርቀሪያው የሚያልፍባቸው ክፍተቶች አሉ። ሁሉም ክቦች ባለቤቱ በመረጣቸው ፊደላት ላይ ሲቆሙ ክፍተቶቹ ይገጣጠማሉ፤ መቀርቀሪያውም ይንቀሳቀሳል። አንዱ እንኳ ከስፍራው ቢዛነፍ ሣጥኑ እንደ ተዘጋ ይቀራል። ለአብነት እያንዳንዳቸው 16 ፊደላት ያሏቸው 4 ክቦች ቢኖሩ፣ 16 በራሱ አራት ጊዜ ሲባዛ 65,536 ልዩ ልዩ አቀማመጦች ይገኛሉ። አንድ ሌባ በየ5 ሴኮንዱ አንዱን ቢሞክር፣ ሁሉንም ለመጨረስ እንቅልፍ ሳይተኛ 91 ሰዓት፣ ማለትም አራት ቀን ገደማ ይፈጅበታል።

ፊደልን እንዲህ ለስሌት ማዋል ለዚያ ዘመን ምሁራን እንግዳ አልነበረም። ዐረብኛው በአብጀድ ሥርዓት ለ28ቱ ፊደላት ከ1 እስከ 1000 የቁጥር ዋጋ ይሰጣል፤ ይህም ሥርዓት በከዋክብት ጥናት መሣሪያዎች ላይ ቁጥር ለመጻፍ ያገለግል ነበር። የእኛ ሀገር አንባቢ ሥርዓቱን ከግእዙ አበገደ ጋር ሲያነጻጽር የሁለቱን ዝምድና ወዲያው ያስተውላል፤ ሁለቱም የአንድ ጥንታዊ የሴም ፊደል ቅደም ተከተል ወራሾች ናቸውና።

የተሰወረን የመፍታት ጥበብም ከመሰወር ጥበብ ጋር አብሮ አደገ። በ9ኛው መቶ ዓመት በባግዳድ የኖረው ፈላስፋ አል-ኪንዲ፣ ዐረቦች «ሙዐማ» የሚሉትን የተሰወረ ጽሑፍ ስለ መፍታት ባዘጋጀው ድርሳን፣ በአንድ ቋንቋ ውስጥ እያንዳንዱ ፊደል ስንት ጊዜ እንደሚደጋገም በመቁጠር ምስጢሩን ማግኘት እንደሚቻል አሳይቷል። በእኛ ዘንድ «እንቆቅልህ» ሲባል «ምን አውቅልህ» ብሎ የሚመልስ ሕፃን በግምት ይጀምራል፤ አል-ኪንዲ ግን ግምትን በቆጠራ ተካው። አል-ጀዘሪ የቁልፍ ሥራን፣ አል-ኪንዲ የመፍታት ሥራን በጽሑፍ ሲያኖሩ፣ ሁለቱም ከማስተማር የሚበልጥ ነገር አልፈለጉም።

የአል-ጀዘሪ ቁልፍ በወረቀት ላይ ብቻ የቀረ ሐሳብ እንዳልነበረ የሚመሰክር ዕቃ በእጃችን አለ። በዴንማርክ ዋና ከተማ በኮፐንሃገን በሚገኘው የዴቪድ ስብስብ ውስጥ የፊደል ቁልፍ ያለው የናስ ሣጥን ይታያል። የተሠራው በ597 ዓመተ ሒጅራ (እ.ኤ.አ. 1200–1201) ነው፤ ማለትም የአል-ጀዘሪ መጽሐፍ ከመፈጸሙ 5 ዓመት ያህል በፊት። ስለዚህ ጥበቡ የአንድ ሰው ብቻ ሳይሆን በየሀገሩ የተሰራጨ የባለእጆች የጋራ ሀብት ነበር ማለት ነው። በሣጥኑ ላይ የሠሪው ስም ተቀርጿል፦ ሙሐመድ ኢብኑ ሓሚድ አል-አስጡርላቢ አል-ኢስፋሃኒ። «አል-ኢስፋሃኒ» ሀገሩን ሲነግረን፣ «አል-አስጡርላቢ» ሞያውን ይነግረናል፤ ሰውየው የሰላት ጊዜንና የቂብላን አቅጣጫ ለማወቅ የሚረዳውን አስጡርላብ የሚሠራ ነበር። ብረት የሚቀጠቅጥ እጅ ከሂሳብና ከከዋክብት ዕውቀት አልተለየም፤ ሠሪውም ስሙን ከሥራው ለመሰወር ምክንያት አላገኘም።

ይህ ስም ለእኛ ትልቅ ጥያቄ ያነሣል። በዋግ ኽምራ ደጋና ቆላ፣ ከሰቆጣ እስከ ተከዜ በሚያዘቀዝቀው የዝቋላ ምድር፣ የገበሬው ማረሻ፣ ማጭድና መጥረቢያ ከባለእጅ ቤት የወጣ ነው። ከአፋር ምድር የሚመጣውን አሞሌ ጨው ተቀብላ ወደ ደጋው ገበያዎች ታስተላልፍ የነበረችው ሰቆጣም ያለ ቢላዋና ያለ ምሣር የምትገበያይ ከተማ አልነበረችም። ሆኖም የእነዚህን ዕቃዎች ሠሪዎች ስም ማን ያውቃል? በሰሜኑ የሀገራችን ክፍል በብዙ ቦታ ቀጥቃጩ ስሙ ሳይሆን ስድቡ ነው የቀረለት፤ «ቡዳ» ተባለ፤ ሌሊት ጅብ ይሆናል ተባለ፤ ሕፃናት ከዓይኑ ተሸሸጉ፤ ልጁን የሚያገባ ታጣ። ዳግማዊ ምኒልክ ባለእጆችን በሞያቸው መሳደብን የሚከለክል ዐዋጅ እስከ ማስነገር የደረሱት ነገሩ ሥር የሰደደ ስለ ነበር ነው። ከዚህ ልማድ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ነጻ አልነበረም።

የነቢያችን ሱና ግን ወደ ሌላ አቅጣጫ ያመለክታል። አላህ ለነቢዩ ዳውድ (ዐ.ሰ) ብረትን እንዳለዘበላቸውና የጥሩር አሠራርን እንዳስተማራቸው ቁርኣን በሱረቱ ሰበእና በሱረቱል አንቢያ ይነግረናል፤ ዳውድ ከእጃቸው ሥራ ይመገቡ እንደ ነበርም በቡኻሪ በተዘገበ ሐዲስ ተወስቷል። ቀደምት ሙስሊም የነበሩት ኸባብ ኢብኑል አረት (ረ.ዐ) በመካ ሰይፍ የሚሠሩ ቀጥቃጭ ነበሩ። የሠሩበትን ዋጋ ለመጠየቅ ወደ አል-ዓስ ኢብኑ ዋኢል ሲሄዱ «በሙሐመድ ካልካድህ አልከፍልህም» በሚል መልስ ስለ ተገፉበት ሁኔታ የሱረቱ መርየም 77ኛ አንቀጽና ተከታዮቹ ወርደዋል። የአንድ ቀጥቃጭ ያልተከፈለ ዋጋ የቁርኣን መውረጃ ምክንያት ሆኗል ማለት ነው።

ከሁሉ ይልቅ ግን የአቡ ሰይፍ ታሪክ ሊታሰብ ይገባዋል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ልጃቸው ኢብራሂም በተወለደ ጊዜ እንድታጠባው ያስረከቡት በመዲና ለሚኖረው ለቀጥቃጩ ለአቡ ሰይፍ ሚስት ነበር። አነስ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ) እንደሚዘግቡት፣ ነቢዩ ልጃቸውን ሊጠይቁ ሲሄዱ አቡ ሰይፍ ወናፉን እየነፋ ቤቱ በጢስ ተሞልቶ አገኙት፤ አነስም ቀድመው ገብተው ሥራውን እንዲያቆም ነገሩት። ነቢዩም ልጃቸውን አቅፈው ሳሙት። በእኛ ሀገር እናት ልጇን ከቀጥቃጭ ዓይን ስትሸሽግ፣ የአላህ መልእክተኛ የሚወዱትን ልጃቸውን በቀጥቃጭ ቤት አሳደጉ። ከዚህ የሚበልጥ ማስረጃ ለመፈለግ መድከም አያስፈልግም።

እዚህ ላይ ሁለት መቃወሚያዎች ሊነሡ ይችላሉ። አንደኛው «ዓይን እውነት መሆኑ በሐዲስ ጸንቷል» የሚል ነው። እርግጥ ነው፤ ነገር ግን ሐዲሱ ዓይንን ከአንድ ሞያ ወይም ከአንድ ዘር ጋር አላያያዘም። ከራሳቸው ከሰሓቦች መካከል አንዱ የሌላውን ሰውነት አድንቆ ባለመባረኩ ጉዳት እንዳደረሰ ተዘግቧል፤ ሁለቱም ቀጥቃጭ ስለ ሆኑ የተነገረ ነገር የለም። መድኃኒቱም በረካን መለመን እንጂ ጎረቤትን ማግለል አይደለም። ሁለተኛው መቃወሚያ ከፊቅህ የሚመጣ ነው፤ በጋብቻ ውስጥ ስለ አቻነት (ከፋኣ) ሲነጋገሩ ከፉቀሃዎች ብዙዎቹ ሞያን ቆጥረዋልና። ኢማም ማሊክ ግን በሃይማኖት ላይ አተኩረዋል። ሞያን የቆጠሩትም ቢሆኑ የአንዱን ሞያ ዝቅታ የሚመዝኑት በሀገሩ ልማድ፣ በዑርፍ ነው። ዑርፍ ሲለወጥ በእርሱ ላይ የቆመው ብይን ይለወጣል፤ ዑርፍን የመለወጥ ኃላፊነት ደግሞ ከማንም በፊት የመምህሩና የኢማሙ ነው።

በዐረብኛ «ሒየል» የሚለው ቃል ሁለት ትርጉም እንዳለው መምህራን ያውቃሉ። በፊቅህ መጻሕፍት ከሕግ ማምለጫ ዘዴዎችን፣ በእነ አል-ጀዘሪ መጻሕፍት ደግሞ የጥበብ መሣሪያዎችን ያመለክታል። የባግዳድ ወንድማማቾች በኑ ሙሳ በ9ኛው መቶ ዓመት መጽሐፋቸውን በዚሁ ቃል ሰየሙት፤ አል-ጀዘሪም የእነርሱን ሥራ ጠቅሶ ከዚያ አልፎ ሄደ። እያንዳንዱን ክፍል በሥዕልና በመጠን ያስረዳው ከእርሱ በኋላ የሚመጣ ባለሞያ እንደገና እንዲሠራው ነው። የሣጥኑ ባለቤት የሚሰውረው የመረጣቸውን ፊደላት ብቻ ነበር፤ የአሠራሩ ዕውቀት ግን ለሁሉም ክፍት ነው። መልካም ቁልፍ ሥራው ቢታወቅም የማይደፈር ነውና።

በሀገራችን የተደረገው የዚህ ተቃራኒ ነው። ባለእጁ ስለ ተገለለ ጥበቡን ከአባት ወደ ልጅ ብቻ አስተላለፈ፤ መጻፍም መማርም ሳይችል ቀረ፤ ጥበቡ በተሰወረ መጠን ሰው ይበልጥ ፈራው፤ በፈራው መጠንም ይበልጥ አገለለው። ይህን የተቆላለፈ ነገር የሚፈታው ማስተማር ነው። በሰቆጣም ሆነ በዝቋላ፣ የቁርኣን መምህር የዳውድን ታሪክ ሲያስቀራ የመንደሩን ቀጥቃጭ በክብር ቢያነሣ፣ ኢማሙም በጁሙዓ ኹጥባው የአቡ ሰይፍን ቤት ቢያስታውስ፣ የቀጥቃጩ ልጅ ከሌሎች ልጆች እኩል በመድረሳው ተቀምጦ ቢቀራ፣ ከ800 ዓመት በፊት ኢስፋሃናዊው ስሙን በናስ ላይ እንደ ቀረጸ የእኛም ባለእጅ በሠራው ማረሻ ላይ ስሙን ያለ ኀፍረት ሊያኖር ይችላል። ክብሩም በእኛ ዘንድ የተቀመጠ አማና ነው፤ አማና ደግሞ ለባለቤቱ ይመለሳል።