ቋሚው ማነው?

«አንድ እርሻ ስንት ቋሚ ሠራተኛ አለው?» ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ ቀላል ይመስላል። መዝገብ ገልጦ ስም መቁጠር ነዋ! ይሁንና በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ዙሪያ ያለውን የእርሻ ታሪክ ላስተዋለ ሰው፣ ከቁጥሩ በፊት «ቋሚ» የሚለው ቃል ራሱ መፈታት አለበት።

ጥንት ገበሬው ጉልበትን የሚለካው በወቅት ነበር። አጨዳና ውቂያ ሲደርስ ደቦ ይጠራል፣ ወንፈል ይገባል። ሥራው ሲያልቅ ሰዉ ይበተናል፤ መዝገብም የለ፣ ደመወዝም የለ።

የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ የገጠር መሬትን የሕዝብ ሲያደርግ በቅጥር ጉልበት ማሳረስን ከለከለ። አቅም የሌላቸው ሴቶች፣ ሕመምተኞች፣ አረጋውያንና ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆች ብቻ ተፈቀደላቸው። የእርሻ ቅጥር ወደ መንግሥት እርሻዎች ዞረ። እዚያም ቢሆን ጥጥ ለቀማ ሲደርስ ከቋሚው ጎን ወቅታዊው ሠራተኛ ይጎርፍ ነበር።

ይህን የቆየ ልማድ የለወጠው አበባ ነው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. በሰበታና በሆለታ አካባቢ የአበባ እርሻዎች ተስፋፉ። ጽጌረዳ እንደ ጤፍ በዓመት አንዴ አይታጨድም፤ በፕላስቲክ ቤት ውስጥ ክረምት ከበጋ ይቆረጣል። ገበያው ግን ከፍና ዝቅ ይላል፤ ፈረንጆች የፍቅረኞችን ቀን በሚያከብሩበት በየካቲት መጀመሪያ ሰሞን እጅ ይፈለጋል።

እንግዲህ አንድ እርሻ ዓመቱን ሙሉ 60 ሰው፣ ለ3 ወር ደግሞ ተጨማሪ 120 ሰው ያሠራል እንበል። ቆጣሪው በጥድፊያው ወር ቢመጣ 180 ያገኛል፤ በሌላው ወር 60። የሥራ ወራቱን ደምሮ ለ12 ቢያካፍል የ90 ሰው የዓመት ሥራ ይሆናል። ሦስቱም ቁጥሮች እውነት ናቸው፤ የሚመልሱት ጥያቄ ግን ይለያያል። የአገራችን የስታትስቲክስ መሥሪያ ቤት በሰፋፊ የንግድ እርሻዎች ጥናቱ ቋሚውንና ጊዜያዊውን ለይቶ መጠየቁም ለዚህ ነው።

ሕጉ ደግሞ የራሱ ሚዛን አለው። በ1996ቱም ሆነ በ2011ዱ የሠራተኛ አዋጅ መሠረት፣ እንደ ወቅታዊ ሥራ ያለ ምክንያት ከሌለ በቀር የሥራ ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጠራል። የሙከራው ጊዜ ከ45 ተከታታይ ቀን ወደ 60 የሥራ ቀን ከፍ ቢልም መሠረቱ አልተነካም። ስለዚህ በየቀኑ ጽጌረዳ የምትቆርጥ ሴት በደመወዝ ወረቀቱ ላይ «ጊዜያዊ» ተብላ ስለተጻፈች ብቻ ሥራዋ ጊዜያዊ አይሆንም።

ነገሩ የቃላት ጨዋታ እንዳይመስለን። ከሥራ ሲያሰናብቱ ማስጠንቀቂያ መስጠት፣ የስንብት ክፍያ፣ የዓመት ዕረፍት፣ ሁሉም በዚህች ቃል ላይ የተንጠለጠሉ ናቸው። ሦስቱ ከተሞች በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል፤ ማሳውም ለፋብሪካ፣ ለመኖሪያ ቤትና ለአበባ ሲለቀቅ ኖሯል። አያት ቅድመ አያቱ ያረሱትን መሬት ለቅቆ እዚያው በቀን ሥራ የገባን ሰው «ጊዜያዊ» ብሎ ከመመዝገብ በፊት፣ ከእርሻውና ከእርሱ ማን ቀድሞ እዚያ እንደ ነበር መጠየቅ ተገቢ ነው።