ተማሪ ወደ ቤቱ ሲመለስ

በኢትዮጵያ ለትምህርት ብሎ ከቤት መውጣት ጥንታዊ ነው፤ ለዕረፍት ወደ ቤት መመለስ ግን የቅርብ ጊዜ ልማድ ነው። በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ዕረፍት የሚባል ነገር አልነበረም። ተማሪው ከንባብ ቤት ወደ ዜማ ቤት፣ ከዜማ ቤት ወደ ቅኔ ቤት፣ ከዚያም ወደ መጽሐፍ ቤት ሲሻገር ዓመታት ይነጉዳሉ። ድጓ የፈለገ ቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት የፈለገ ዙር አባ፣ አቋቋም የፈለገ ጎንደር፣ ቅኔ የፈለገ ዋሸራ ወይም ጎንጅ ይወርዳል። በዚህ መንገድ ዘመድ ሳያይ አሥር ዓመትና ከዚያም በላይ የሚቆይ ብዙ ነበር።

ከእነዚህ ተማሪዎች ብዙዎቹ ከቤት የወጡት ተመርቀውና ተሰናብተው አልነበረም። ለገበሬ አባት ልጁ እረኛው ነው፤ ነገ ደግሞ ሞፈር ጨባጩ ነው። ስለዚህ መማር የፈለገ ልጅ ከብቱን ሜዳ ላይ ትቶ፣ ወይም ሌሊት ተነሥቶ ይጠፋል። ከመምህሩ ደጅ ሲደርስ በአገሩ ስም መጠራት ይለምዳል፤ ጎጃሜው፣ ላስቴው፣ መንዜው ይባላል። የቤት ስሙ እየተረሳ ሲሄድ ሊፈልገው የመጣ ዘመድም በቀላሉ አያገኘውም። ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ፣ ውሻ የሚከላከልበትን በትር ይዞ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጃፉ ይቆማል፤ ከተሰጠው ቁራሽና ቆሎ ይኖራል። «የቆሎ ተማሪ» የሚለው ስም የመጣው ከዚህ ኑሮ ነው።

እንዲህ ያለው ተማሪ የተመለሰ እንደሆነ ምን ያህል እንዳደገ የሚታወቅበት ቦታ ነበር። የአጥቢያው ታቦት በሚነግሥበት ዋዜማ ማኅሌት ይቆማል፤ ደብተሮቹም ቅኔ እንዲያበረክት ይጋብዙታል። እናቱ ግእዝ አታውቅም፤ ሰሙንም ወርቁንም አትለይም። ከሴቶች መቆሚያ ሆና የምታየው የደብተሮቹን ፊት ነው። አንዱ ሽማግሌ ራሱን ከነቀነቀ፣ ሌላው «ይበል!» ካለ፣ ልጇ ሰው ሆኖ እንደመጣ ታውቃለች። አባትም የጠፋበትን እረኛ ይቅር የሚለው በዚያ ሌሊት ነው። ይህ ሥርዓት ለተመላሹ የሰጠው ክብር ትልቅ ነው፤ ዕውቀቱ የሚመዘነው በወለደው መንደር መካከል፣ መንደሩ በሚቀበለው ቋንቋና ዜማ ነበር።

ዘመናዊው ትምህርት ይህን አንድነት ሰበረው። ከመጀመሪያዎቹ ተመላሾች አንዱ የሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ታሪክ ይህን በግልጽ ያሳያል። በ1860 መቅደላ ስትወድቅ የእንግሊዝ ጦር መኮንኖች አግኝተውት ሕንድ ወሰዱት፤ እዚያም ሕክምና ተምሮ ቻርልስ ማርቲን በሚል ስም ሐኪም ሆነ። ከአድዋ ድል በኋላ፣ በ1890ዎቹ መጀመሪያ፣ አዲስ አበባ ሲደርስ የእናቱን ቋንቋ ረስቶት ነበር። ያወቀችው አያቱ ናት፤ ያወቀችውም በልጅነቱ ከነበሩበት ጠባሳዎች ነው። የተማረው ሁሉ፣ ማዕረጉም ሆነ ሙያው፣ ለአሮጊቷ ምልክት አልሆናትም። ሐኪም ወርቅነህ ኋላ በ1917 የተከፈተውን የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በኃላፊነት መርተዋል። ከውጭ ተምሮ የሚመለስ ወጣት ጉዳይ በልብ ወለድም ቶሎ ቦታ አግኝቷል፤ ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት በ1941 ያሳተሙት «አርአያ» ዋና ገጸ ባሕርይ ፈረንሳይ ተምሮ አገሩ የሚገባ ወጣት ነው።

ለዕረፍት መመለስን ልማድ ያደረገው የትምህርት ዘመኑ አቆጣጠር ነው። የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900 ከተከፈተ በኋላ የነበሩት ተማሪዎች በአብዛኛው ከቤተ መንግሥቱና ከመኳንንቱ አካባቢ ስለነበሩ ቤታቸው ሩቅ አልነበረም። ከጣሊያን ወረራ በኋላ ግን፣ በ1935 ኮተቤ ላይ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላም የጀኔራል ዊንጌት አዳሪ ትምህርት ቤቶች ሲከፈቱ፣ ከየጠቅላይ ግዛቱ የተመረጡ ልጆች አዲስ አበባ ገቡ። ትምህርቱ በመስከረም ተከፍቶ በሰኔ ይዘጋል። ክረምቱን ያህል ጊዜ ባዶ መተዉ ተማሪውን ወደ አገሩ ሰደደው፤ የተሰደደበትም ወቅት ገበሬው እጅ አጥብቆ የሚፈልግበት ነው። ሐምሌ ጤፍ ይዘራል፤ ነሐሴ አረም ይታረማል። ስለዚህ የገበሬ ልጅ የሆነ ተማሪ ዕረፍቱን ያሳለፈው በሥራ ነው። እስክሪብቶ ብቻ የለመደ መዳፍ በመጀመሪያው ሳምንት ውኃ ይቋጥራል፤ በሦስተኛው ይደርቃል፤ መስከረም ላይ ቆዳው እንደገና ጠንክሮ ወደ ክፍል ይመለሳል።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ሥራ ጀመረ። በ1940ዎቹ የአለማያ እርሻ ኮሌጅና የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከተሉት፤ በ1954 ኮሌጆቹ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ስር ተሰባሰቡ። የኮሌጅ ተማሪ ያን ጊዜ በአንድ ወረዳ አንድ ወይም ሁለት ቢገኝ ነው። አውቶቡስ እስከሚደርስበት ከተማ ይመጣል፤ መንገድ ላይ ያድራል፤ ከዚያ በጭነት መኪና፣ ቀሪውን በበቅሎ ወይም በእግሩ ይጨርሳል። ሲደርስ የሚያነብለት ያጣ ሁሉ ደብዳቤውንና የፍርድ ቤት ወረቀቱን ይዞ ይጠብቀዋል። አቤቱታ መጻፍ፣ የግብር ደረሰኝ ማንበብ፣ ከባላባት ጋር የተከራከረውን ጭሰኛ ነገር መስማት የዕረፍቱ ሥራ ሆነ። የካቲት 1957 የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው ሰልፍ ሲወጡ፣ ከመካከላቸው ጭሰኝነትን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከአባቱ ጎተራ የሚያውቅ ነበር። የተማሪውን እንቅስቃሴ ከውጭ በመጣ ሐሳብ ብቻ የሚያብራራ ትንታኔ ይህን የክረምት ትምህርት ይዘለዋል።

ከ1957 ጀምሮ ደግሞ የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የሚባለው ደንብ ሥራ ላይ ዋለ። ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት በክፍለ ሀገር ያገለግላል፤ በአብዛኛው የሁለተኛ ደረጃ መምህር ሆኖ። የአዲስ አበባው ልጅ በዚህ መንገድ የሰው አገር አየ፤ ለመጀመሪያ ጊዜም ከተማዋን በሌላ ዓይን እያየ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 የእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ሲታወጅ ግን የመመለሻው ጊዜ ከተማሪው እጅ ወጣ። 60 ሺህ ያህል ተማሪና መምህር፣ ከሁለተኛ ደረጃ የመጨረሻ ክፍሎችና ከዩኒቨርሲቲው፣ ወደ ገጠር ዘመተ። ፊደል አስተማረ፤ ጉድጓድ ቆፈረ፤ የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት አዋጅ ከወጣ በኋላም የገበሬ ማኅበር አደራጀ። ብዙ ዘማቾች ግዳጁን ጥለው ወደ ቤት ወይም ወደ ትግል ሄዱ። በ1969ና በ1970 በነበረው ደም መፋሰስ ደግሞ የተማሪ ቤት መግባት ራሱ አስፈሪ ሆነ። በር ሲንኳኳ እናት ልጇን አልጋ ስር የምትደብቅበት፣ የመጣበትን ሌሊት ለጎረቤት የማትናገርበት ዘመን ነበር። ወጥተው ያልተመለሱትን ልጆች ፎቶግራፍ ግድግዳ ላይ ሰቅለው ያረጁ ቤቶች ዛሬም አሉ። የዚያ ትውልድ እናቶች ለቀብር እንኳ ያልታደሉትን ልጆቻቸውን እንደጠበቁ ማለፋቸው የአገሪቱ የትምህርት ታሪክ ሲጻፍ ሊዘለል አይገባም።

በ1971 የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም ተማሪዎችን እያሰማራ ዕረፍታቸውን ወስዷል። የደርግ ዘመን ምሩቅ መንግሥት በመደበው መሥሪያ ቤት ስለሚቀጠር፣ ከምርቃት በኋላ ቤቱ የሚቆየው ጓዙን እስኪሸክፍ ነበር።

በ1983 ከአሥመራው ሌላ ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች ብቻ የነበሯት አገር ዛሬ ከ40 በላይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አሏት። ተማሪው በትምህርት ሚኒስቴር ምደባ ስለሚገባ የጅማው ልጅ መቀሌ፣ የደሴዋ ልጅ አርባ ምንጭ፣ የሐረሩ ጎንደር ይደርሳቸዋል። «ግቢ» የሚለው ቃልም አዲስ ትርጉም አገኘ፤ «ልጄ ግቢ ገባች»፣ «ከግቢ መጣ» ይባላል። በሴሚስተር ዕረፍትና በሰኔ መጨረሻ የየከተማው መናኸሪያ በሻንጣና በማዳበሪያ ከረጢት ይሞላል። ተማሪው አንሶላውን፣ ሃንድአውቱንና የተዋሰውን ጃኬት ጠቅልሎ፣ ትርፍ ወንበር ላይ እየተጣበበ ይሳፈራል።

ቤት ሲገባ የሚሆነው በብዙ አካባቢ ተመሳሳይ ነው። ታናናሾቹ ጫማውን ያያሉ፤ አያት ጉልበታቸው ከተሳመ በኋላ ፊቱን በሁለት እጃቸው ይዘው «ከስተሃል» ይላሉ። ቡና ይፈላል፤ ጎረቤት ይጠራል። አባት ምሽት ላይ «እንዴት ነው ትምህርቱ?» ብሎ ሲጠይቅ «ደህና ነው» የሚል መልስ ያገኛል። ልጁ ማስረዳት ሳይፈልግ ቀርቶ አይደለም። ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ የተማረው በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ የሙያው ቃላት በአማርኛም ሆነ በኦሮምኛ፣ በትግርኛም ሆነ በሲዳምኛ አፉ ላይ የሉም። የተማረውን በእናቱ ቋንቋ ለመናገር የሚሞክረው ብዙ ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ምሽት ነው፤ ያልገባውንም የሚያውቀው ያኔ ነው።

የእርሻ ተማሪ ነገር ይህን በደንብ ያሳያል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ጤፍን በብትን መዝራት ቀርቶ በመስመር እንዲዘራ ሰፊ ቅስቀሳ ተደርጎ ነበር። ዘሩ በብዙ ይቀንሳል፤ ቡቃያው አየርና ብርሃን ያገኛል፤ ጽንሰ ሐሳቡ ትክክል ነው። ልጁ ገመድ ወጥሮ፣ ጎንበስ ብሎ፣ እንደ አሸዋ የደቀቀውን ዘር በጣቱ እያንጠባጠበ አንድ ጥማድ መሬት ሲጀምር፣ አባት በብትን ከረፋድ በፊት የሚጨርሱትን ሥራ እሱ እስከ ማታ አይገፋውም። ዝናቡ ደግሞ አይጠብቅም። መጽሐፉ የዘሩን ኪሎ ቆጥሮ የሰውን ጉልበት ቀን አሳንሶ እንደቆጠረ የሚገባው ወገቡን ሲያመው ነው። ብዙ ገበሬም በዚሁ ምክንያት ወደ ብትን ተመልሷል። እንዲህ ያለ ልጅ መስከረም ላይ ወደ ግቢ ሲመለስ መምህሩን የሚጠይቀው ጥያቄ አምና ከጠየቀው የተለየ ነው።

የሴት ልጅ መመለስ ሌላ መልክ አለው። ሱሪ ለብሳ ከግቢ የተነሣች ተማሪ ከመድረሷ በፊት ባለው የመጨረሻ ከተማ ቀሚስ ትደርባለች፤ ነጠላዋን ታወጣለች። ወንድሟ እንግዳ ሆኖ ሲቀመጥ እሷ በገባች ማግስት ምጣድ ፊት ትገኛለች። ሽማግሌ ልኮ የሚጠብቅ ካለም ነገሩ የሚነሣው በዕረፍቱ ነው። «ልጨርስ» ብላ ፊት ለፊት መናገር፣ አባትም ሽማግሎቹን «ትጨርስ» ብሎ መመለሱ፣ ከትውልድ በፊት ጥቂት ሴቶች ብቻ የሚያገኙት ነገር ነበር። ዛሬ በብዙ ቤት ይደመጣል፤ በሁሉም ቤት ግን ገና አይደመጥም።

ከጥንቱ ያልተለወጠው ስንቅ ነው። ዕረፍቱ ሊያልቅ ሳምንት ሲቀረው በሶ ይፈጫል፤ ዳቦ ቆሎ ይጠበሳል፤ ድርቆሽ በፀሐይ ይሰጣል፤ ጭኮ በቅቤ ይታሻል። የቆሎ ተማሪው ከሰው ደጃፍ የለመነውን የዛሬው ከእናቱ እጅ ተቀብሎ ይሄዳል፤ ዶርም ሲደርስም ስንቁ የክፍሉ ሁሉ ነው።

መመለሱ ሁልጊዜ በቀጠሮው አልሆነም። መጋቢት 2012 በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ሲቋረጥ ተማሪዎች ባልታሰበ ወቅት ቤታቸው ገብተው ለወራት ቆዩ። በሰሜኑ ጦርነት ዘመን ደግሞ መንገድና ስልክ በመዘጋቱ ድምፅ እንኳ መስማት ያልቻሉ ቤተ ሰቦች ነበሩ።

የመጨረሻው መመለስ ከምርቃት በኋላ ያለው ነው። ጋዋን የለበሰው ፎቶግራፍ ተለቅ ተደርጎ ይታጠባል፤ በፍሬም ሆኖ ከቅዱሳን ሥዕል ወይም ከካዕባ ምስል አጠገብ ይሰቀላል። መንግሥት ምሩቅን በሥራ ይመድብ በነበረበት ዘመን ምሩቁ ከዚያ ፎቶግራፍ ስር የሚቀመጠው ለጥቂት ቀናት ነበር። ዛሬ የሚመድበው ስለሌለ ዓመትም ሁለት ዓመትም ሊቀመጥ ይችላል። ጠዋት ወደ ከተማ ወጥቶ የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳ ያነባል፤ የትምህርት ማስረጃውን ኮፒ ያስደርጋል፤ ማታ ይመለሳል። ክረምት ሲገባ አባት እንደ ድሮው ሞፈሩን ያቀብሉታል፤ መስከረም ሲጠባ ግን በሶ የሚፈጭለት የለም።