አንዱ ያስገባል፣ አንዱ ያወጣል

ዛሬ የምንነጋገረው በደማችን ውስጥ ስላለው ስኳርና ኢንሱሊን ስለሚባለው መድኃኒት ታሪክ ነው።

እንጀራ ስትበሉ እንጀራው በሆዳችሁ ይፈጭና ስኳር ሆኖ ወደ ደም ይገባል። እንጀራ አይጣፍጥ፣ ስኳሩ ከየት መጣ ትሉ ይሆናል። ጤፉም፣ በቆሎውም፣ ድንቹም በሆድ ሲፈጭ ስኳር ይሆናል። ለሥራ ጉልበት የሚሰጠን አንዱ ይኸው ነው።

ከጨጓራችን በስተኋላ ቆሽት የሚባል አካል አለ። ቆሽት ሁለት መልእክተኞችን በደም ውስጥ ይልካል። እንዲህ ያለ መልእክተኛ ሆርሞን ይባላል። አንደኛው ኢንሱሊን ነው። በልተን የደማችን ስኳር ሲጨምር፣ ኢንሱሊን ስኳሩን ወደ ጡንቻ ያስገባል፤ በጉበትም እንዲከማች ያደርጋል። ሁለተኛው ግሉካጎን ነው። ስንራብ ጉበት ያከማቸውን ስኳር እንዲለቅ ያዛል። ጉበትን እንደ ጎተራ ቁጠሩት። አንዱ ያስገባል፣ አንዱ ያወጣል።

ይህ እንዴት ታወቀ? የምጠራቸው ዓመቶች በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። በ1889 በስትራስቡርግ ከተማ ሚንኮውስኪና ፎን ሜሪንግ የሚባሉ ሐኪሞች የአንድ ውሻ ቆሽት አወጡ። ውሻው ሽንት አበዛ። ሽንቱ ሲመረመር ስኳር ተገኘበት። የስኳር በሽታ ከቆሽት ጋር እንደሚገናኝ በዚህ ተገለጠ።

ነገር ግን ማወቅ ብቻ አላዳነም። ቆሽቱ ኢንሱሊን መሥራት ላቆመ ልጅ ሐኪሞች የሚያዙለት ምግብ እንዲቀንስ ነበር። ልጁ በረሃብ ይከሳል፤ እንዲያም ሆኖ ከሞት አይተርፍም።

በ1921 በካናዳ፣ በቶሮንቶ ከተማ፣ ሐኪሙ ባንቲንግና ተማሪው ቤስት በፕሮፌሰር ማክሊዮድ ቤተ ሙከራ ከውሻ ቆሽት ፈሳሽ አወጡ። በጃንዋሪ 11 ቀን 1922 ሌናርድ ቶምሰን የሚባል የ14 ዓመት ልጅ በመርፌ ተወጋ። ፈሳሹ ገና አልጠራም ነበርና ብዙም አልረዳውም፤ የተወጋበትም ቦታ አበጠ። ኮሊፕ የሚባል ባልደረባቸው ፈሳሹን አጠራው። በጃንዋሪ 23 ቀን ልጁ እንደገና ተወጋ። ስኳሩ ወረደ፤ ጉልበቱም ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ 13 ዓመት ኖረ።

ባንቲንግ፣ ቤስትና ኮሊፕ በ1923 የመድኃኒቱን መብት ለቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ በአንድ አንድ ዶላር ብቻ ለቀቁ።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉ። ሌናርድ አንዴ ተወግቶ አልዳነም። እስከ መጨረሻው መርፌውን ይወስድ ነበር። ኢንሱሊን በሽታውን ከሥሩ አይነቅልም፤ የጎደለውን ይተካል እንጂ። መርፌ የታዘዘለት ሰው «አሁን ደኅና ነኝ፣ ይበቃኛል» ቢላችሁ፣ ደኅና የሆነው መርፌው ስለሠራ መሆኑን ንገሩት። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ቢያቋርጥ ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል።

ማንበብ ለማይችል ጎረቤታችሁ ይህን ጽሑፍ አንብቡለት። ደኅና ሁኑ።